የእትዬ ፔትሪ ድካም

በነሐሴ ወር፣ በቴአትር ፌስቲቫሉ ሰሞን፣ ኤድንብራ ውስጥ ድንጋዩም ይተውናል። ከዚያ ሁሉ ተዋናይ መሃል ግን እንደ እትዬ ፔትሪ የምታስቅ የለችም፤ እትዬ ፔትሪ ደግሞ እኔ ወንዱ ነኝ። የሽበት ዊግ፣ የተጨማደደ ካልሲ፣ ተከራዮቿን የምታማርር አሮጊት። ያሳቅኩት ሰው ቢሰለፍ ግላስጎው ይደርሳል።

ዘንድሮ ግን ሰው ጠፋ። የምጫወትበት ምድር ቤት የቢራ በርሜል ማስቀመጫ ነው። ባለቤቱ ላክላን አንዱ በርሜል ላይ ተቀምጦ፣ "ዛሬም ባዶ ወንበር ካየሁ የመድረክ ሰዓትህን ከአንተ ቀጥሎ ለሚጫወተው አስማተኛ እሰጠዋለሁ" አለኝ።

"አስማተኛው ከእኔ ምን ይበልጣል?"

"ተመልካች አለው።"

የመድረክ መብራት የምትሠራልኝ ሼና የትርኢቱን ማስታወቂያ ወረቀቶች አስታቀፈችኝ። ደንባችን ነው፤ የመድረክ ልብስህን እንደለበስክ መንገድ ላይ ለትርኢትህ ሰው ትለምናለህ።

ዝናብ ነበር። መንገዱ ሙሉ ወረቀት ሰጪ እንጂ ተቀባይ የለውም። እንደ ሸርጣን የለበሰ አንድ ሰው የራሱን ሰጥቶኝ የእኔን ሳይቀበል አለፈ። አንድ ቤተ ክርስቲያን ደረጃ ላይ ዘፍ አልኩ።

"ምነው እማማ?" አለችኝ አንዲት መንገደኛ።

ቀልዶቼ ሁሉ ጠፉብኝ። "ደክሞኛል ልጄ። ዛሬ ሰው ካልመጣ ከቤቱ ያስወጡኛል።"

እውነቴን ነበር። እሷ ግን በሳቅ ፈረሰች፤ ባሏንም ጎትታ አመጣች። "እስቲ ለሱም ድገሚለት።"

ደገምኩለት። ሰው ከበበኝ። "ሂዱልኝ፣ እግሬን ልዘርጋበት" ባልኩ ቁጥር ሳቁ ይብስባቸዋል። ተነስቼ ስሄድም ተከተሉኝ፤ ግማሽ ስኮትላንድ ምድር ቤቱ ውስጥ ታጨቀ። አስማተኛው በሩ ላይ ቆሞ እንባውን ጠረገ። ሼና ጉንፋን ነው ትላለች።

መድረክ ላይ ወጥቼ የታወቀውን የመጥረጊያ ጭፈራዬን ጀመርኩ። ማንም አልሳቀም።

"እማማ፣" አለ ባልየው ከፊት ወንበር፣ "ጭፈራው ይቅር። ቁጭ ብለሽ እንደ ቅድሙ ድከሚልን።"

ቁጭ ብዬ ደከምኩላቸው። ጣሪያው በሳቅ ተነስቶ ተመለሰ።

ሁሉም ከወጡ በኋላ ላክላን፣ "ሰዓቱ ያንተ ነው፤ ብቻ ነገም እንዲሁ ሁን" ብሎ ወደ በርሜሎቹ ሄደ።

ዊጌን አወለቅኩ። "ሼና፣ እኔ እኮ የምሬን ነው የደከመኝ።"

"ይህችን አባባል ነገም መድረክ ላይ ድገማት" አለች ገመድ እየጠቀለለች። "ድምፅህን ብቻ ከፍ አድርግ፤ ከኋላ ያሉት አልሰሙህም።"