ያለፈበት ሙቀት

ቃሊቲ በሚገኘው የሳሙና ፋብሪካ፣ ማፍሊያ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ትልቅ ስክሪን የተሰቀለ ጊዜ በኩራት ተስፋሚካኤልን የሚያክለው አልነበረም። ከዩኒቨርሲቲ በወጣ በሁለተኛው ዓመት የታንከሮቹን ሁኔታ ስክሪኑ ላይ የሚያሳየውን የኮምፒውተር ፕሮግራም ብቻውን ጽፎ የጨረሰው እሱ ነው። በፕሮግራሙ ውስጥ እያንዳንዱ የሳሙና ማፍሊያ ታንከር ራሱን የቻለ አካል ነበር፤ ሙቀቱንም፣ የሳሙናውን ከፍታም፣ ሊጥሰው የማይገባውን ሕግም በራሱ ይዞ የሚኖር። ተስፋሚካኤል ይበልጥ የሚኮራው ግን በአንዲት ሕግ ነው። ከታንከሩ የመጣ የሙቀት ቁጥር በጥቂት ሰከንድ ውስጥ በአዲስ ካልተተካ፣ ያ ታንከር ስክሪኑ ላይ ቀልቶ «አይታወቅም» ይላል። «ቁጥርም እንደ ወተት ይበላሻል» ይል ነበር ለጠየቀው ሁሉ።

ስክሪኑ በሚመረቅበት ቀን እንግዶች ሊገቡ ሲሉ የሦስተኛው ታንከር የመረጃ መስመር ይቆራረጥ ጀመር። ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ደግሞ ቀይ። ሥራ አስኪያጁ አቶ በዛብህ ክራቫታቸውን እያጠበቁ መጡ።

«ምንድነው ይሄ ቀይ? በሰው ፊት ልታዋርደኝ ነው?»

«መረጃው እየዘገየ ነው፣ ገመዱ መታየት አለበት።»

«አሁን ገመድ የምናይበት ሰዓት ነው? አጥፋልኝ!»

ተስፋሚካኤል እንግዶቹ ሲሄዱ እመልሳታለሁ ብሎ ያቺን ሕግ ከሦስተኛው ታንከር ላይ አነሳት። ስክሪኑ አረንጓዴ ሆኖ ዋለ፤ ተጨበጨበ፤ አቶ በዛብህም አቅፈውት ፎቶ ተነሱ። በነጋታው ሌላ ሥራ መጣ፣ ከዚያም ሌላ። ሕጓ ተረሳች።

ከሳምንታት በኋላ ገመዱ ጨርሶ ተበጠሰ። ስክሪኑ ግን የመጨረሻዋን ቁጥር እንደያዘ በአረንጓዴነቱ ቀጠለ። ታንከሩን የሚቆጣጠሩት ወይዘሮ አለሚቱ ቁጥሩን አይተው «ገና ነው» ብለው እንፋሎቱን ሳይዘጉ ቆዩ። ሳሙናው ገንፍሎ እጃቸውንና እግራቸውን ጠበሳቸው።

አቶ በዛብህ ሠራተኛውን ሰብስበው «አደጋው የደረሰው በተቆጣጣሪዋ ቸልተኝነት ነው» አሉ። ተስፋሚካኤል ከኋላ ቆሟል። አደጋውን እንደሰማ ፕሮግራሙን ከፍቶ አይቶት ነበርና ጥፋቱ የማን እንደሆነ ያውቃል። አፉ ግን አልተከፈተለትም።

ቅዳሜ ዕለት ብርቱካን ይዞ ገላን ኮንዶሚኒየም ወደሚገኘው የወይዘሮ አለሚቱ ቤት ሄደ። በፋሻ ተጠቅልለው ተጋድመዋል። ሲያዩት ለመነሳት ታገሉ።

«ኧረ በማርያም አይነሱ፣ እትዬ አለሚቱ!»

«አፈርኩብህ ልጄ» አሉ ዓይናቸውን ሰብረው። «ስንት የደከምክበትን ነገር በእኔ ድንዛዜ አሰደብኩብህ። ቁጥሩን አሳስቼ አንብቤው ይሆናል።»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው ደስታው ነበር።

«አላሳሳቱም። የዋሸው ቁጥሩ ነው። እንዲዋሽ ያደረግኩትም እኔ ነኝ።» ምረቃውን፣ ቀዩን፣ ጭብጨባውን እየተንተባተበ ነገራቸው።

እስኪጨርስ ሰሙት።

«በስብሰባው ላይ ነበርክ?»

«ነበርኩ።»

«ቸልተኛ ስባል?»

«አዎ… ነበርኩ።»

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። «ብርቱካኑን ይዘህ ሂድ።»

ሰኞ ጠዋት ማንንም ሳያስፈቅድ ማፍሊያ ክፍሉ መሀል ቆሞ ሁሉንም ተናገረ። የሰደበው የለም። የወይዘሮ አለሚቱ የሥራ ባልደረባ ዳሲቱ ብቻ «እስከ ዛሬ ምን ይዞህ ነበር?» አለችው። 

ጥፋቱ ከወይዘሮ አለሚቱ ላይ ተነሳ፤ የሕክምናቸውንም ወጪ ፋብሪካው ቻለ። ድነው ሲመለሱ ግን ታንከር አጠገብ አልደርስም ብለው ማሸጊያ ክፍል ገቡ። ተስፋሚካኤል በማስጠንቀቂያ ታለፈ፤ ቢያባርሩት ይቀለው ነበር። የሥራ መውጫ ሰዓት ሲደርስ ወይዘሮ አለሚቱ የሚሳፈሩበት የሠራተኛው ሰርቪስ ጭኖ እስኪሄድ ቢሮው ውስጥ ይቆይና፣ ከዚያ ብቻውን ወጥቶ ታክሲ ይጠብቃል።