እሬትና ጨረር

አልታየች የእሬቱን ቅጠል በቢላዋ ሰንጥቃ ቢጫውን ውኃ በጣቷ ጠረገችና ሁለቱንም ጡቶቿን ቀባች። ልጅቷ ጡት ከተወች ሰንብታለች። ዛሬ መቀባቱ ለራሷ ለእናትየዋ ነው። ወደ ደሴ የሚወስዳት መኪና እስኪነሣ ድረስ ልቧ ቢከዳትና ልጇን አቅፋ ብታጠባት የሰሞኑ መከራ ሁሉ ከንቱ ይቀራል። ከዚያም ወተቱን የያዘላትን ሻሽ ደረቷ ላይ ጠበቅ አድርጋ አሠረችው።

ልጇን አበቡን ከመፀነሷ በፊት የአዲስ አበባው ሐኪም እንቅርቷን ቆርጦ አውጥቶላት ነበር። እንቅርቱ ውስጥ ክፉ በሽታ ተገኘበት። ዘንድሮ ደግሞ ድምፅዋ ይጎረንን ጀመረ። ጥቅምት ላይ ተመልሳ ስትሄድ ሐኪሙ ጠባሳዋን ደጋግሞ ዳበሰና ራሱን ነቀነቀ።

«የቀረች ፍሬ አለች። በጣም ትንሽ ስለሆነች በእጄ አላገኛትም» አላት። «ጨረር ያለው አዮዲን በውኃ ትጠጪያለሽ። እሱ ፍሬዋን ፈልጎ እላይዋ ላይ ያርፋል፤ እኛም ጨረሩን በመሣሪያ እናያለን። ያን ጊዜ ያለችበትን አውቄ አወጣታለሁ።»

«ውኃ ደግሞ ሰው ያጣውን ይፈልጋል?» ብላ ሳቀች።

ሐኪሙ አልሳቀም። «ጨረሩ ወደ ወተት ይገባል፤ ልጅሽን ይጎዳታል። ጡት ላይም ከቀረ እኔ የምፈልገው ቦታ አይደርስልኝም። ጡትሽ ደርቆ ነው የምትመጪው። ግን አትዘግዪ፤ ከፋሲካ ወዲያ ካለፈ ለእኔም ያስቸግረኛል» አላት።

ከጥቅምት እስከ የካቲት ዘገየች። በዚህ እህል በጠፋ ዘመን ልጅን ጡት ማስጣል እንዴት ያለ ጭካኔ ነው? የሰው ልጅ እህል ፍለጋ በየመንገዱ ሲረግፍ እሷ ወተቷን በገዛ እጇ ታደርቅ? በመጨረሻ እንድትቆርጥ ያደረጋት አንድ ነገር ነው፤ አበቡን ስትጠራት ልጅቷ የጎረነነውን ድምፅ የእናቷ መሆኑን ሳታውቀው ዞር ሳትል ቀረች።

የባሏ ታላቅ እኅት እትዬ ወርቂቱ አበቡን አዝለው ገቡ። ወልደው አያውቁም፤ ሰሞኑን ግን አረማመዳቸው ሳይቀር የእናት ሆኗል። ከጀርባቸው ሲያወርዷት ልጅቷ ወደ እናቷ ሁለት እርምጃ ያህል ተንደረደረች፤ ወዲያው ቆመች። የእናቷን ደረት አየች። አፏን በእጇ ጀርባ ጠረገችና «ኤጭ!» አለች። ተመልሳ የእትዬ ወርቂቱን ቀሚስ ያዘች።

አልታየች ቀንታ ልትሞት ነበር። የለፋችው ለዚህ መሆኑን እያወቀች ቀናች።

«እትዬ፣ ጆሮ ካልያዘች እንቅልፍ አይወስዳትም። የእርስዎን ይስጧት።»

«ጆሮ እንኳ አላጣሁም» አሉ ወርቂቱ፤ አይናቸው ግን እንባ አቅርሯል። «በይ ሂጂ። አትዪያት። ካየሻት አትሄጂም።»

አላየቻትም። ከበሩ ስትወጣ የሰማችው ወርቂቱ የገብስ አጥሚቱን ሲያቀዘቅዙ የሚነፉትን ትንፋሽ ብቻ ነው።

ገበያው ዳር የቆመው ኤንትሬ የጭነት መኪና የከብት ቆዳ ጭኗል። ዘንድሮ ከመካነ ሰላም ወደ ደሴ የሚጫን ሌላ ነገር የለም። ሾፌሩ አራጌ ወደ ቆዳው ክምር ሲያወጣት «አዲስ አበባ ታክሲው ሥራ አቁሟል፤ ወታደሩም ተማሪውም ተነሥቷል ይባላል» አላት። «ሆስፒታሉ ክፍት ይሁን ዝግ እንጃ። እኔ ከደሴ አላልፍም።»

«ባሌ ደሴ ይጠብቀኛል፤ ከዚያ ወዲያ የእግዜር ነው» አለችው። ዛሬ ካልሄደች ነገ እግሯ እንደማይነሣላት ታውቃለች።

መኪናው ከተማውን ለቆ ባዶውን የገብስ ማሳ ተያያዘው። ናፍቆቱ እዚያው ገና ቤቶቹ ከአይኗ ሳይጠፉ ጀመራት። ያን የሐኪሙን ውኃ አሁን ብትጠጣው አንገቷን ትቶ ወደ ኋላ፣ ወደ ወርቂቱ ጓዳ የሚሮጥ መሰላት።

ወደ አቀስታ በሚወስደው መንገድ ላይ አራጌ አንዲት ሕፃን የታቀፈች ሴት አይቶ ቆመ። ከወግዲ በእግሯ መምጣቷ ነው፤ ሐረግ ትባላለች። ከአልታየች አጠገብ ቆዳው ላይ ተቀመጠች። ጥቂት እንደሄዱ ሕፃኑ አለቀሰ። ልቅሶው የደከመ ነበር፤ እያቋረጠ ይመጣል። አልታየች ደረቷ ሲሞቃት ተሰማት። ሻሹ ረጠበ፤ ቀሚሷም ረጠበ። ደረቀ ያለችው ወተት አልደረቀም ኖሯል።

ሐረግ እርጥቡን አየች። የራሷን ጡት አውጥታ ለልጁ ሰጠችው፤ ልጁ ሳብ ሳብ አድርጎ ተወውና ደግሞ አለቀሰ።

«የኔ ነጥፏል» አለች ሐረግ ቀስ ብላ። «ደሴ እህል ያድላሉ አሉ። እስከዚያ አላህ ያውቃል። ያንቺስ ልጅ?»

«መካነ ሰላም ቀረች።»

«አለች ማለት ነው?»

«አለች።»

«አልሐምዱሊላህ» አለች ሐረግ፣ ከልቧ።

አልታየች አንገቷን ወደ ሜዳው አዞረች። አንዴ ካጠባችው ወተቱ ይመለሳል። ደሴ ሩቅ ነው፤ ልጁም አንዴ ጠብቶ አይበቃውም። ጡቷ ሞልቶ ከሄደች ሐኪሙ ያንን ውኃ አይሰጣትም፤ አድርቀሽ ነይ ብሎ ይመልሳታል። ፋሲካ ደግሞ እየቀረበ ነው፤ ፍሬዋ አትጠብቅም። አበቡ ጆሮ ይዛ የምትተኛባት እናት ትፈልጋለች። ይህን ሁሉ አንድ በአንድ አሰበችው። አስባ ስትጨርስ እጇ የሻሹን ቋጠሮ እየፈታ ነበር።

«እሬት አለበት» አለች፣ ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሰው።

በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው። ምራቋን ቀብታ ደግማ ጠረገችው። እሬት ግን በዚህ አይለቅም። ሕፃኑን ተቀብላ አስጠጋችው። ያዘ። ፊቱ ተጨማደደ፤ መላ ሰውነቱ ተንቀጠቀጠ። አልታየች «ኤጭ» የሚለውን ጠበቀች።

ልጁ አልለቀቀም። እየተንገፈገፈ ዋጠ፤ ደግሞ ዋጠ። ትንሽ እጁ ከነጠላው ወጥታ የሚይዙት ነገር ፍለጋ አየር ላይ ዋለለች፤ አልታየች ሳታስበው ጎንበስ ብላ ጆሮዋን ሰጠችው።