ሳልደውልልህ እንዳትነቃነቅ

ሽጉጤ ታናሽ ወንድሙን የሞዛምቢኳ ቤይራ ከተማ ላይ ያስቆመው ለክፉ አስቦ አይደለም፤ እግዚአብሔር ያውቃል። ጊዜው የኮሮና ነው። ደቡብ አፍሪካ የየብስ ድንበሯን ዘግታ ወታደር አፍስሳበታለች። ዱባለ ደግሞ ወንድሙ ጋ ሊገባ ከሆሳዕና ተነስቶ ሞዛምቢክ ድረስ በሰላም ዘልቋል። ድንበር ላይ ከሚያዝ፣ ከባሕሩ አጠገብ ባለው የአሻጋሪዎች ቤት ጥቂት ቢያርፍ ምን አለበት?

«እኔ ሳልደውልልህ ንቅንቅ እንዳትል» አለው በስልክ።

ዱባለ እሺ ጋሼ አለ። ታላቁ ያለውን አንድም ቀን አፍርሶ አያውቅም።

ያን ጊዜ አንድ አውሎ ነፋስ ሕንድ ውቅያኖስ መሃል ነበር፤ ስም እንኳ አልወጣለትም። በኋላ ኤሎይዝ አሉት። ማዳጋስካርን ሲያቋርጥ መድከሙን ሽጉጤ ደቡብ አፍሪካ፣ ዳቬይተን ሰፈር ባለችው ትንሽ ሱቁ፣ ስፓዛው ውስጥ ዳቦ እየሸጠ በስልኩ አየና፣ አለቀለት ብሎ ተወው። ምኑ ያልቅለታል! ሞዛምቢክ ፊት ያለው ሙቅ ባሕር ላይ ጉልበቱን መልሶ አገኘ።

አርብ ከሰዓት ሚስቱ በለጥሽ፣ ደውልለትና ከዚያ ቤት ይውጣ ብላ ለመነችው። የለስላሳ መኪና በር ላይ ቆሞ ነበርና፣ ቆይ ዕቃዬን ላራግፍ አላት። አራግፎ ሲደውል መስመሩ የለም። ቅዳሜ ነፋሱ ቤይራን መታ።

ከዚያ ወዲህ ሽጉጤ እህል አልቀመሰም፤ የደወለው ስልክ ስፍር ቁጥር የለውም። ነፋሱ ግን መንገዱን ቀጠለ። ለእሱ የተዘጋ ድንበር የለ፣ ማስክ አጥልቅ የሚለው የለ። ጉልበቱ አልቆ፣ ተራ ዝናብ ሆኖ ሰኞ ዳቬይተን ገባ። ዱባለ ሊመጣበት በነበረው መንገድ መጣ። የስፓዛው ቆርቆሮ ሲያፈስ ሽጉጤ ባልዲ ደቅኖ፣ ማስኩ ውስጥ አለቀሰ።

ሐሙስ ረፋድ ላይ የማያውቀው ቁጥር ደወለ። ደዋዩ ኤርጎጌ ይባላል፤ የሆሳዕና ልጅ ነው፣ ከዱባለ ጋር እዚያው ቤት ሰንብቷል። ውሃው በበር ሲገባ ሁሉም እየሮጡ ትምህርት ቤት ፎቅ ላይ መውጣታቸውን ነገረው። ሽጉጤ፣ ዱባለስ አለ።

«ጎተትነው እኮ» አለ ኤርጎጌ። «ጋሼ ሳይደውል አልሄድም አለን። ውሃው ደረቱ ጋ ደርሶ ስልኩን ከራሱ በላይ ይዞ ነበር። ከዚያ ግድግዳው ወደቀ። ትናንት ቀበርነው።»

በለጥሽ ከጓዳ ወጥታ ማን ነው የደወለው አለችው። ሽጉጤ መደርደሪያው ላይ የተደረደረውን ለስላሳ ያያል።

«ዕቃ ሳራግፍ» አላት።