በቴኒስ ሜዳው የተተከለው ድንኳን

ዋጋነሽ ቂመኛ ናት ሲሏት አትክድም። «ነኝ፤ ምን ይጠበስ?» ትላለች። በባላምባራስ ጉልላት ላይ የቋጠረችውን ቂም ግን ኮልፌ ሁሉ ያውቀዋል፤ በሆዱም ፈርዶላታል።

ነገሩ የመጣው ከመናፈሻው ነው። ዳገቱ ላይ ያለችው ትንሿ መናፈሻ ጣሊያን ጥሎት የሄደ የቴኒስ ሜዳ ነበራት። መረቡ ከተበጣጠሰ ቆይቷል፤ ራኬት ይዞ የሚመጣ ሰውም አልነበረም። ሰፈሩ ዳገትና ቁልቁለት ስለሆነ፣ ለጥ ያለ መሬት ያለው እዚያ ብቻ ነው። ሰው ሲሞት የእድሩ ድንኳን የሚተከለው እዚያው ነበር። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ወገኑን እዚያ አልቅሷል።

በኋላ መናፈሻው ይታደስ ተባለና ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ባላምባራስ ጉልላት ሊቀመንበር ሆኑ። ሰውየው እንግሊዝ አገር አንድ ክረምት ቆይተው ተመልሰዋል፤ ይዘውት የመጡት ነጭ ቁምጣና ራኬት ብቻ ነው። ሜዳው ተቆፈረ፣ ቀይ አፈር ለበሰ፣ ዙሪያውን በሽቦ ታጠረ፣ በሩ ላይ ቁልፍ ገባ። የሕዝብ መናፈሻ ነው ይላሉ፤ ሕዝቡ ግን የሚያየው በሽቦው ቀዳዳ ነው።

የዋጋነሽ ባል ገብረወልድ የሞተው ሐምሌ ላይ፣ ዝናቡ በጠናበት ሰሞን ነው። የእድሩ ንብረት ጠባቂ ስለነበር የሰፈሩን ሰው ሁሉ የለቅሶ ድንኳን የተከለው እሱ ነው። የእድሩ ዳኛ ሃጂ ጀላል ባላምባራስ ዘንድ ሄደው በሩን እንዲከፍቱ ለመኑ። ዋጋነሽ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከኋላቸው ቆማለች። ባላምባራስ ከሽቦው ወዲያ ሆነው፣ «ይኼ የስፖርት ቦታ ነው፤ የሬሳ ቤት አይደለም» አሉና ፊታቸውን አዞሩ።

ድንኳኑ ዋጋነሽ ደጅ፣ ቁልቁለቱ ላይ ተተከለ። ጎርፉ ከሥር ገባ፣ አግዳሚው ጭቃ ውስጥ ሰመጠ፣ በማግስቱ ደግሞ ነፋሱ ምሰሶውን ጣለው። ለቅሶ ደራሹ ጫማውን በእጁ አንጠልጥሎ ይመጣና ቆሞ አጽናንቷት ይመለሳል። የሚቀመጥበት የለማ! እሷም ውሃ ስትጠርግና ዕቃ ስታሸሽ ሠልስቱ አለፈ። አላለቀሰችም። ገብረወልድን የመሰለ ሰው በወጉ ሳይለቀስለት ቀረ፤ አንጀቷን ያሳረረው ይኼ ነው። «ይቺን ካልመለስኩለት እኔ ዋጋነሽ አይደለሁም» አለች።

መስከረም ጠባ። ዝናቡ ገና ጨርሶ አልወጣም። ሜዳው ሊመረቅ ሳምንት ሲቀረው፣ የባላምባራስ እናት እማሆይ ወለተጻድቅ አረፉ። ዋጋነሽ መርዶውን ስትሰማ «ነፍሳቸውን ይማር» አለች፤ ከእሳቸው ጋር ጠብ የላትም። ቀጥላ ግን ፈገግ ብላለች፤ ይኼን አልሸሽግላትም።

ከገብረወልድ ሞት በኋላ የእድሩ ዕቃ የሚቀመጠው እሷው ዘንድ ነው። ሃጂ ጀላል ባላምባራስን አስከትለው ደጇ መጡ።

«እትዬ ዋጋነሽ፣ እማሆይ መዋጮ አጓድለው አያውቁም። ድንኳኑ ይገባቸዋል» አሉ ሃጂ።

«ይገባቸዋል። እኔ መቼ ከለከልኩ?»

ባላምባራስ እፎይ አሉ። «እግዜር ይስጥልኝ፣ ወይዘሮ ዋጋነሽ። እንግዲህ ግቢዬ ውስጥ…»

«ግቢዎ እንደ እኔ ደጅ ቁልቁለት ነው፤ ጭቃው ሰው አያስቀምጥም። እማሆይ እንደዚያ አይለቀስላቸውም። ሜዳው ላይ ነው የሚተከለው።»

«የቱ ሜዳ?»

«የሬሳ ቤት ያልሆነው።»

የባላምባራስ ፊት ተለዋወጠ። «በሳምንቱ ይመረቃል እኮ! ትልልቅ ሰዎች ተጠርተዋል። ካስማ ተመቶበት፣ ያ ሁሉ ሰው ረግጦት አፈሩ ምን ይሆናል?»

«እንግዲያው ሌላ ድንኳን ይከራዩ። የኮልፌ ሰው ግን ገብቶ የሚቀመጥ አይመስለኝም። ይቀመጣል እንዴ፣ ሃጂ?»

ሃጂ ጀላል የተጣላ ማስታረቅ ሥራቸው ነው። ያን ቀን ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ብለው ጣራ ጣራውን አዩ።

ባላምባራስ ቁልፉን ከኪሳቸው አውጥተው ዘረጉላት።

«ለእኔ አይስጡኝ» አለች። «ራስዎ ይክፈቱ።»

ከፈቱ። ጎረምሶቹ ካስማውን በመዶሻ ሲነርቱት፣ ቀዩ አፈር ሲሰነጠቅ፣ ባላምባራስ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ዋጋነሽ ሽቦውን ተደግፋ ታያለች። አንጀቷ ቅቤ ጠጣ።

ከቀብር መልስ ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ መጣ። ዋጋነሽ መሀል ገብታ ቆመች። እማሆይን ለወጉ ያህል አንዴ ጠራቻቸው። ከዚያ ደረቷን መታችና፣ «ገብረወልድ!» አለች። «የስንቱን ድንኳን ተክለህ፣ ድንኳን የተነፈግኸው!»

ለቅሶ ላይ ሰው የራሱን ሟች ቢያነሳ ነውር የለውም፤ የሚከለክለውም የለም። ያኔ ጫማቸውን አንጠልጥለው የተመለሱት ሴቶች ተነሱ። «ወይ ገብረወልድ!» እያሉ ተቀበሏት። ሽማግሌዎቹም አነቡ። በሐምሌ አንጀቷ ውስጥ የቀረው እንባ ሁሉ ወረደ፤ እያለቀሰችም ቂሟ አልለቀቃትም።

ባላምባራስ ወደ ሃጂ ጎንበስ አሉ። «የእናቴ ለቅሶ እኮ ነው።»

«ታዲያ የሚያለቅስ ሰው ዝም በል ይባላል?» አሉ ሃጂ።

በዚህ መሀል ከከተማ ኮት የለበሱ አንድ ትልቅ ሰው ገቡ፤ ለምረቃው ከተጠሩት አንዱ ናቸው። ግራ ገብቷቸው ትንሽ አዳመጡና ባላምባራስ አጠገብ ተቀመጡ።

«እግዚአብሔር ያጽናዎ። ለካ ሐዘኑ ድርብ ነው» አሉ። «ገብረወልድ ምንዎ ነበሩ?»

ዋጋነሽ ለቅሶዋን አቆመች። ሴቶቹም ዝም አሉ።

«ጎረቤቴ» አሉ ባላምባራስ በለሆሳስ።

«አልተሰማም» አለች ዋጋነሽ። «ጨርሰው ይንገሯቸው እንጂ።»

ባላምባራስ ሰዉን አዩት። የሚያግዛቸው አንድ ፊት አጡ።

«ጎረቤቴ ነበር» አሉ፣ አሁን ጮክ ብለው። «ሲሞት ይኼን በር ዘጋሁበት።»

ዋጋነሽ ዓይኗን ጠረገች፣ ነጠላዋን አጠበቀች፤ ከዚያ ገና ለእማሆይ ማልቀስ ጀመረች።