በሔዋን ፎቶ የመጣችው ሥራነሽ

ይጁቤ ከተማ፣ ገበያው ዳር መድኃኒት ቤት አለኝ። ከጤና መድን ጋር ውል ስላለኝ አባላት መታወቂያቸውን አሳይተው መድኃኒት ይወስዳሉ። ድሮ መታወቂያው እንደየቀበሌው ይለያይ ነበር፤ አንዱ እንደ ደብተር የሚገለጥ፣ አንዱ በላስቲክ የታሸገ፣ አንዱ ከሠርግ መጥሪያ የማይለይ። ቁጥሩን ፍለጋ ሳገላብጥ ወረፋው መንገድ ላይ ይወጣል። ዘንድሮ ግን ለሁሉም አንድ ዓይነት ካርድ ወጣ፤ ፎቶ በግራ፣ ስም በቀኝ፣ ቁጥር ከታች። ደስታዬን አልቻልሁትም፤ ለባለቤቴ ለሙራድ ደውዬ «ዛሬ በጊዜ ነው የምገባው» አልሁት።

ወዲያው እማማ ሥራነሽ መጡ። ረጅም፣ ቀጭን፣ አንገታቸውን የተነቀሱ ሴት ናቸው፤ የደም ግፊት ኪኒናቸውን ሁሌም ከእኔ ነው የሚወስዱት። አዲሱን ካርድ ከመቀነታቸው ፈትተው ሰጡኝ። ስሙ የእሳቸው ነው። ፎቶው ላይ ግን ፊተ ክብ፣ ጥርሰ ፍንጭት ሴት ፈገግ ብላ ታየኛለች።

«እማማ፣ ይኼ ፎቶ የእርስዎ አይደለም» አልኋቸው።

ካርዱን ወደ ብርሃን አስጠጉና አፈጠጡ። «በስመ አብ! ይቺ ሔዋን አይደለችም እንዴ!»

የእማማ ሔዋን ልጅ የእማማ ሥራነሽን ልጅ ነው ያገባው። ሠርጉ ላይ እማማ ሔዋን የእማማ ሥራነሽን ጠላ «ውኃ» ብለው ሰደቡ ተብሎ ከዚያ ወዲህ ሁለቱ አይነጋገሩም። መንገድ ላይ ሲገናኙ እንኳ አንዳቸው ወደ ማዶ ይሻገራሉ።

ካርዱን ወደሚያድለው ቢሮ ደወልሁ። «ተከታትለው ፎቶ ተነሥተው ነበር፤ ሲታተም ተቀያይሯል» አለኝ ሠራተኛው። «እስኪታረም ድረስ ሁለቱም አብረው ይምጡና ካርዶቹን ጎን ለጎን አይተሽ መድኃኒቱን ስጫቸው።»

«ከሷ ጋር?» አሉ እማማ ሥራነሽ ስነግራቸው። «ግፊቱ ይግደለኝ!»

አፋቸውን ሳይዘጉ በሩ ተከፈተና እማማ ሔዋን ካርዳቸውን እያወዛወዙ ገቡ። ዓይናቸው ደከም ያለ ስለሆነ ጥግ የቆመውን ሰው አላዩም።

«ፋኢዛ ልጄ፣ ደኅና አይደለሁም! እስኪ ይኼን ፎቶ እዪልኝ፣ እንዴት ነው የከሳሁት! አንገቴ እንዲህ ተመዞ ወጥቷል! ልጆቼ ደብቀውኝ ነው እንጂ ክፉ በሽታ ይዞኛል!»

ከንፈሬን ነከስሁ። እማማ ሥራነሽ ግን ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ቢያደርጉም አልሆነላቸውም፤ ሳቃቸው አመለጠ። እማማ ሔዋን ዞረው አዩ። ካርዱን አዩ። መልሰው ሴትዮዋን አዩ።

«አንቺ ነሽ እንዴ! እኔ እኮ ከጧት ጀምሮ ለራሴ ሳለቅስ ነው የዋልሁት!»

«ለኔ ክሳት አለቀስሽ?» አሉ እማማ ሥራነሽ፣ እንባቸው እየወረደ።

ከዚያ በኋላ ማን ያቁመን! ወረፋው ሁሉ አብሮን ሳቀ። ሳቁ በረድ ሲል እማማ ሥራነሽ «ጠላዬን ግን ለምን ሰደብሽው?» አሉ።

«ማን? እኔ? ‹ጠላው ከበደኝ፣ ውኃ አምጡልኝ› ነው ያልሁት! ያን ቀን ቤቴ የገባሁት ተደግፌ ነው!»

እማማ ሥራነሽ አግዳሚው ላይ ቁጭ አሉ። እንደገና ተሳቀ። ካርዶቹን ጎን ለጎን አስቀምጬ፣ ፊታቸውን እያየሁ ለሁለቱም ኪኒናቸውን ቆጠርሁ። ክንድ ለክንድ ተያይዘው ወጡ። «እኔ ያንቺ ካርድ ላይ ነው የማምረው» «ሂጂ ወዲያ!» ሲባባሉ ድምፃቸው ከውጭ ይሰማኝ ነበር።

ቀጥሎ የቆሙት ጋሼ አንሙት ካርዳቸውን በሥጋት ዘረጉልኝ። ፎቶው ራሳቸው ናቸው፤ ጢማቸው፣ ባርኔጣቸው፣ ሁሉም ልክ ነው። እኔ ግን ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ።

«ምነው? ማንን ነው ያደረጉኝ?» አሉ ደንግጠው።

«እርስዎን ነው፣ ጋሼ» ልላቸው እሞክራለሁ፣ ቃሉ አልወጣም ይለኛል፤ እሳቸው በበኩላቸው ከኋላቸው ያሉትን ሰዎች አንድ በአንድ እየዞሩ ያያሉ።