የጠቆረው ዘለላ

ወይዘሮ ፀሐይወርቅ እሌኒን በስሟ ጠርተዋት አያውቁም። ፊት ለፊት «አንቺ» ነበር የሚሏት፤ ስለ እሷ ለሰው ሲያወሩ ደግሞ «የቀበሌዋ»።

እሌኒ ከባሏ ከክንዱ ጋር ከናዝሬት መጥታ ከሐይቁ አጠገብ ሹም አቦ ሰፈር ካለው ግቢ ከገባች ሦስተኛ ክረምቷን ይዛለች። ክንዱ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ መካኒክ ነው። ቤት ሲጠይቅ ቀበሌው ከተወረሱት አንዱን ሰጠው። በግቢው ካሉት ሁለት ቤቶች በአንደኛው ወይዘሮ ፀሐይወርቅ ይኖራሉ፤ ሟች ባላቸው መሪጌታ ወልደ ሐዋርያት ለኪራይ ብለው ያሠሩት ሁለተኛው ግን በአዋጁ ጊዜ «ትርፍ» ተባለና የመንግሥት ሆነ። ቤቱን የወረሰው አዋጅ እንጂ እሌኒ አልነበረችም። ይሁን እንጂ አዋጅ ማለዳ ተነስቶ በሰው ደጅ አያልፍም፤ ልብስ አያሰጣም፤ ሕፃን አያስለቅስም። እሌኒ ይህን ሁሉ ታደርጋለች። ስለዚህ ለአዋጁ የተቀመጠው ጥላቻ ሁሉ ለእሷ ደረሳት።

ቤቱ ሁለት ሲሆን ማእድ ቤቱ አንድ ነበር። ወይዘሮ ፀሐይወርቅ በመጀመሪያው ሳምንት ከሰል አንስተው በጭቃው ግድግዳ ላይ ከላይ እስከ ታች መስመር አሰመሩ። ከመስመሩ ወዲህ የእሳቸው ምድጃ፣ ከመስመሩ ወዲያ የእሌኒ። የእሌኒ ድስት በስህተት ተሻግሮ ከተገኘ በማማሰያ ገፋ ያደርጉታል። ባለፈው ሰኔ እንዲሁ የገፉት የፈላ ውሃ ተገልብጦ፣ በዳዴ የምትሄደውን የእሌኒን ልጅ አደይን ለጥቂት ሳታት። እሌኒ ልጇን አቅፋ ወጣች። በማግስቱም ቀበሌ ሄዳ የራሴን ማእድ ቤት ልሥራ ስትል አመለከተች።

የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ አስማማው አንድ ወር ሙሉ አመላለሳት። በመጨረሻ ግቢው ውስጥ ለማእድ ቤት የሚሆን አንድ ቦታ ብቻ እንዳለ ነገራት። እሱም ከጓሮ ያለው፣ ውሃ የማይተኛበት፣ የወይዘሮ ፀሐይወርቅ ሙዝ የቆመበት ከፍታ ነው። ከሽንት ቤቱ በኩል ያለው መሬት ክረምት ክረምት ረግረግ ይሆናል። ነሐሴ ስድስት ኮሚቴው መጥቶ ያያል፤ ከተስማማ ሙዙ ይቆረጣል።

ወይዘሮ ፀሐይወርቅ ይህን ሲሰሙ አልጮኹም፤ ቀበሌም አልሄዱም። በሐምሌ አጋማሽ ለመቁረጥ የደረሰውን አንዱን ዘለላ ቆርጠው ከማእድ ቤቱ ወራጅ ላይ በገመድ ሰቀሉት። የሰቀሉት ከእሌኒ ምድጃ አናት ላይ ነበር።

ሙዙ ቢጫ ሆነ። ቀጥሎ ነጠብጣብ አወጣ፤ ቀጥሎ ጠቆረ። አንዲት ፍሬ አልበሉም፤ ለማንም አልሰጡም። ትንኙ ከእሌኒ ወጥ ውስጥ ይወድቅ ጀመር። ቤቱ እንደ ደረሰ ጠላ ሸተተ።

«እትዬ፣ ሙዙ እኮ ሊበላሽ ነው» አለቻቸው አንድ ቀን።

«ይበላሽ። የኔ ነው። እሱን ገና አልወረሳችሁትም።»

«ወጤ ላይ ይንጠባጠባል።»

«ታዲያ ድስትሽን ክደኚ። ክዳን ቀበሌው አልሰጠሽም?»

ነሐሴ ስድስት ጠዋት ወይዘሮ ፀሐይወርቅ ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። የፍልሰታ ጾም ስለሆነ ቅዳሴ የሚወጣው ከሰዓት በኋላ ነው፤ እስከዚያ አይመለሱም። እሌኒ የሌሊት ፈረቃ ሠርቶ የተኛውን ክንዱን ላለመቀስቀስ በቀስታ ወደ ማእድ ቤት ገባች። ከዘለላው ሦስት ፍሬ ወድቆ አመዷ ላይ ፈርጧል። ቀና ብላ አየችው፤ ሌላውም ሊከተል ነው። ከሰዓት ኮሚቴው ይመጣል፤ ሽታውን ሲያሸት «ይች ማእድ ቤት የጠየቀችው ሴትዮ እንዲህ ናት እንዴ» ይላል እንጂ ሙዙ የማን እንደሆነ አይጠይቅም።

ገመዱን ፈታችው።

ናዝሬት ሳለች እናቷ የላሸቀ ሙዝ አይጥሉም ነበር፤ ዳቦ ያደርጉታል። ስኳር ከቀበሌው ሱቅ ከጠፋ ሰንብቷል፤ የስንዴ ዱቄት ግን ባለፈው ሳምንት ደርሷታል። ደኅና ደኅናዎቹን ልጣ በሳፋ ውስጥ በእጇ አሸቻቸው፤ ዱቄት፣ እርሾ፣ ጨው፣ ጥቁር አዝሙድና ትንሽ ኮረሪማ ጨምራ አቦካች። ፈንድተው ውሃ የሆኑትን ለዳቦ አይሆኑም ብላ ለመድፋት በባልዲ ለየቻቸው። ሊጡ ሲነሳ ከጓሮው ሁለት የሙዝ ቅጠል ቆርጣ ብረት ድስቱን አለበሰች፤ ክዳኑም ላይ ፍም አደረገች። ግማሹን ዳቦ ለወይዘሮ ፀሐይወርቅ ልትሰጥ አስባለች። ይህን ያሰበችው ከደግነት ይሁን ወይስ ክስ ለማብረድ ራሷንም አልጠየቀችም።

ዳቦው ወጥቶ ወለሉም ተጠርጎ ሳለ የግቢው በር ሲጢጥ አለ። ወይዘሮ ፀሐይወርቅ መቋሚያቸውን ይዘው ወደ ማእድ ቤቱ ገቡና መጀመሪያ ያዩት ወራጁን ነው። ባዶው ገመድ ተንጠልጥሏል።

«ዘለላዬ የት አለ?»

«እትዬ፣ መሬት እየወደቀ ነበር። ዳቦ ጋገርኩበት። ግማሹ የእርስዎ ነው፤ ይኸው ቆርጬ...»

«ማን ፈቀደልሽ?»

«ሲበሰብስ እያየሁ...»

«እኔ እንዲበሰብስ ነው የሰቀልሁት!» መቋሚያው ወለሉን መታ። «ቤቴን ስትወስዱ አዋጅ ነበራችሁ። ለሙዜስ የትኛው አዋጅ ወጣ? ቅጠሉንም ቆርጠሻል። ምነው ሥሩን ተውሽው? ለኮሚቴው ነው?»

«ሰባት ቀን ሙሉ ምግቤ ላይ ሲንጠባጠብ ምን ላድርግ? እዚያው በራስዎ ምድጃ ላይ አይሰቅሉትም ነበር?» እሌኒም ድምጿ ከፍ አለ።

«በኔ በኩል ያለውን ወራጅ ምስጥ በልቶታል፤ አይችለውም። ደግሞ ቢያናድድሽም አልጠላሁ።»

ይህን ብለው መቋሚያቸውን ተደግፈው የበሩ ደፍ ላይ ተቀመጡ፤ እሌኒ ሳትጋብዛቸው በሷ ፊት ሲቀመጡ ስታይ የመጀመሪያዋ ነው። ፊታቸው የገረጣው ከጾሙ ይሁን ከንዴቱ አልለየችውም።

«ነገ የማርያም ጽንሰታ ነው» አሉ ወደ ጓሮው እያዩ። «የጠቆረ ሙዝ በውሃ ሲታሽና ሲጠልል እንደ ማር ብርዝ ይሆናል። ቢጫው አይሆንም፤ ውሃ ውሃ ይላል። ደሞዝ ልጄ ያንን ሙዝ ከዘጌ በታንኳ አምጥቶ ተከለው። ተክሎት ዓመት ሳይሞላው ወደ ሰሜን ጦር ወሰዱት። እኔም ለማርያም ተሳልሁ፤ እስኪመለስልኝ ድረስ በየዓመቱ ጽንሰታ ከዚያው ከእጁ ተክል ብርዝ አድርጌ ቆርበው ለሚወጡት ሕፃናት ላጠጣ። አምስት ዓመት አላጓደልሁም።»

ጦር ሜዳ የሄደ ልጅ እንዳላቸው እሌኒ ታውቃለች። ስለ ስለቱ ግን የነገራት ሰው አልነበረም።

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ለቀበሌ ሰው ስለት ይነገራል? ሙዝና ማርያም ብላችሁ ስብሰባ ላይ ልትስቁብኝ?»

«ከገበያ ልግዛልዎት። አሁኑኑ እሄዳለሁ።»

«ከገበያ የሚገዛ ቢሆን ካንቺ ጋር ምን ያጨቃጭቀኝ ነበር። ከእጁ ተክል ነው የተሳልሁት።»

ከዳቦው ላይ ዓይናቸው አረፈ። በሙዝ ቅጠሉ ላይ ቡናማ ሆኖ፣ መሐሉ ትንሽ ተሰንጥቆ ይጨሳል። እጃቸውን ወደ እሱ ሰደዱ፤ ግን ሳይነኩት አቆሙ።

«ዳቦም ቢሆን ከዚያው ሙዝ ነው» አሉ ለራሳቸው እንደሚናገሩ ሁሉ። ከዚያም ቀና ብለው በቀጥታ አዩዋት። «ዕቃሽ የጾም ነው? እንቁላል፣ ቅቤ ያልነካው? ንጹሕ ከሆነ ቆርሼ ለሕፃናቱ እሰጣለሁ። ለዛሬውም ኮሚቴ አንድ ቃል አልናገርም፤ እንደ ወደዳችሁ ቁረጡ። ሌላ ስለት እሳላለሁ።»

እሌኒ ሳፋውን አየችው። ታጥቦ ግድግዳው ላይ ተደፍቷል። ትናንት ማታ ለአደይ ገንፎ የለወሰችው በዚያ ሳፋ ነው፤ ቅቤ አቅልጣበታለች። አሁን ያን የሚያውቅ ከእሷ ሌላ ማንም የለም። ሊጡ ውስጥ የገባ ቅቤ ቢኖር እንኳ የጥፍር ያህል አይሆንም። አዎ ብትል ሕፃናቱ ይበላሉ፤ ሙዙ ይቆረጣል፤ የራሷን በር የራሷን ምድጃ ታገኛለች፤ አደይም ከማማሰያ ታመልጣለች።

«ሳፋው የአደይ ገንፎ ሳፋ ነው» አለች። «ትናንት ቅቤ ነበረበት።»

ወይዘሮ ፀሐይወርቅ እጃቸውን ሰበሰቡ። «ስለ ነገርሽኝ አላመሰግንሽም።»

«እንዲያመሰግኑኝ አልነገርኩዎትም።»

የትንኙ ድምፅ ይሰማል። ትንኙ የሚያንዣብበው ከበሩ ውጭ ነው። ወይዘሮ ፀሐይወርቅ አንገታቸውን አዙረው ባልዲውን አዩት።

«ምንድን ነው እሱ?»

«የፈነዱት። ልደፋቸው ነው።»

«ልትደፊ!» በመቋሚያቸው ተነስተው ሄዱና ባልዲው ላይ ጎንበስ አሉ። በጠቆረው ልጣጭ መካከል ማር የመሰለ ፈሳሽ ተጠራቅሟል። «ጥሩ ጥሩውን ለዳቦ ፈጅተሽ፣ የሚሆነውን ልትደፊ ነበር። ምን የሚሉት እጅ ነው የተሰጠሽ? ባልዲውስ የምንድን ነው?»

«የውሃ። ቅቤ አይቶ አያውቅም።»

«እንደ ሳፋሽ እንዳይሆን።»

«አይሆንም አልኩ እኮ።»

ከቤታቸው የጾም ገበቴያቸውንና ንጹሕ ሻሽ አወጡ። ሁለቱም በአንድ ገበቴ ሁለት ጎን ተቀመጡ። እሌኒ እጇን ልትሰድ ስትል ጣቷን በማንኪያ ቸብ አደረጓት። «ታጠቢ። በሳሙና አይደለም፤ በሎሚ። አሁንም ታጠቢ።» ከታጠበች በኋላም አልተዋትም። «ቀስ ብለሽ እሺው፤ ልጣጩ ይመራል። እንደዚህ አይደለም። ፋብሪካ ውስጥ እንዲህ ነው የምታሹት?»

«ፋብሪካ ውስጥ የሚሠራው ክንዱ ነው።»

«እሱም ቢሆን።»

ጓድ አስማማው ከሁለት የኮሚቴ አባላት ጋር ሲደርስ ሁለቱም እስከ ክንዳቸው ሙዝ ውስጥ ነበሩ። በሩ ላይ ቆሞ ሳቀ።

«እማማ፣ ዛሬስ ታረቃችሁ መሰለኝ።»

«ማን ከማን?» አሉ ወይዘሮ ፀሐይወርቅ ቀና ሳይሉ።

«ጥሩ። እንግዲህ የአንድ ሰው ሙዝ ከብዙኃኑ ጥቅም አይበልጥም። ቦታውን አይተነዋል፤ ይሆናል። ነገ የሚቆርጥ ሰው እልካለሁ።»

 የወይዘሮ ፀሐይወርቅ እጅ ገበቴው ውስጥ ቆመ። እሌኒ ያን ቆመ ያለውን እጅ አየች።

«ጓድ አስማማው፣ ከሽንት ቤቱ በኩል ይሁንልኝ» አለች።

«ከሽንት ቤቱ? እዚያማ ውሃ ይተኛበታል። ወር ሙሉ ስትወተውቺኝ የከረምሽው ለዚህኛው አይደለም እንዴ?»

«በድንጋይ ከፍ እናደርገዋለን። ክንዱ ይሞላዋል።»

«ምክንያት አለሽ?»

እሌኒ እጇ ላይ የተጣበቀውን ልጣጭ አነሳች። «ሙዙ ጥላ ይሰጠናል። ልጄ ከሥሩ ትጫወታለች።»

«ነገ ተመልሰሽ ብትመጪ ፋይልሽን አልከፍትም። ይህን እወቂው።»

«አውቃለሁ።»

አስማማው አንዴ እሷን፣ አንዴ ገበቴውን አይቶ ራሱን ነቀነቀና ሰዎቹን አስከትሎ ወጣ። የግቢው በር ተዘጋ።

«ማን ለመነሽ?» አሉ ወይዘሮ ፀሐይወርቅ።

«ማንም።»

«ውለታ እንዳደረግሽልኝ አድርገሽ በየበሩ እንዳትነዢ።»

«አልነዛም።»

«ሙዙ ጥላ ይሰጣል ትላለች ደግሞ። ሦስት ግንድ ምን ጥላ አለው?» ሻሹን ዘርግተው አጠለሉት። የወጣው ከሌላው ዓመት ያነሰ ነበር፤ አንዱን ገንቦ እስከ ወገቡ ብቻ ሞላ። ቀምሰው ሊያዩት አልቻሉም፤ የሚጾሙት እስከ ማታ ነው። አሸተቱት። «ይሁን። በስኒ ይጠጣሉ» አሉ። ከዚያም ወደ ዳቦው በአገጫቸው አሳዩ። «ያንን ከኔ በኩል አንሺልኝ። ሽታው ጾሜን እየፈተነኝ ነው።»

በማግስቱ ማለዳ፣ ከሐይቁ የተነሳው ጉም ገና ከግቢው ሳይወጣ፣ እሌኒ በሯ ሲንኳኳ ሰማች። ወይዘሮ ፀሐይወርቅ ነጭ ለብሰው ቆመዋል፤ ገንቦው እግራቸው ሥር ነው።

«ወገቤ አስቸግሮኛል። እስከ በሩ ያዢልኝ። እስከ በሩ ብቻ፤ ከዚያ ወዲያ ካንቺ ጋር ሰው እንዲያየኝ አልፈልግም።»

እሌኒ ገንቦውን አንስታ ከኋላቸው ሄደች። በሽንት ቤቱ በኩል ሲያልፉ፣ ክንዱ ትናንት ማታ ፈረቃ ሳይገባ የደረደረውን ድንጋይ ውሃው ግማሽ ድረስ ውጦታል። ወይዘሮ ፀሐይወርቅ አይተውት በአፍንጫቸው ተነፈሱ።

«እዚህ ነው እንግዲህ የምታበስዪው። ጭሱም ወደኔ ይመጣል።»

«በመስኮት አስወጣዋለሁ።»

በሩ ጋ ደረሱ። እሌኒ ገንቦውን ጀርባቸው ላይ አዘለቻቸውና ማንገቻውን አስተካከለችላቸው። እርምጃ ሄዱና ዞር አሉ።

«ደሞዝ ሲመጣ ያንን ማእድ ቤት ያፈርሰዋል። እወቂው።»

«ይምጣና ያፍርሰው» አለች እሌኒ።

ወይዘሮ ፀሐይወርቅ ቀጥ ብለው ቆሙ። ከንፈራቸው የሚወረውረውን ስድብ ሲፈልግ ይታያል፤ የቀናቸው አይመስልም።

«አሜን» አሉ በቁጣ፣ ፊታቸውንም አዙረው ሄዱ።