ረጅሟ ከታች ናት

ሥራ አስኪያጃችን «ቅን፣ ትሑትና ታታሪ ባልደረባችን» ብሎ ሲጀምር ንዴቴ አናቴ ላይ ወጣ። ቅንነቷንና ታታሪነቷን ማንም አይክድም። ትሑት ግን አልነበረችም። እሱን ራሱን ስንት ጊዜ በስብሰባ መሀል «ይሄ ወሬ ነው፣ ወደ ሥራ እንግባ» ብላ አስቀምጣዋለች! ከሞተች ወዲህ ግን ሁሉም ደፋር ሆኖ እንደፈለገው ይገልጻት ጀምሯል።

አሟሟቷ ድንገተኛ ነው። አንድ ቀን ማለዳ ወደ ሥራ ለመምጣት ጫማዋን ስታስር ልቧ ቀጥ አለ፣ በቃ። ዛሬ የቢሮው ሰው በሙሉ እሷን ለማስታወስ አዳራሽ ተሰብስቧል። ግድግዳው ላይ የኮሌጅ ፎቶግራፏን ሰቅለውታል፤ ከመረቡ በላይ ዘላ፣ ሁለት እጆቿን ዘርግታ፣ አፏን ከፍታ። የኮሌጁ የሴቶች መረብ ኳስ ቡድን አምበል ነበረች። ጉልበቷ ባይሰበር ኖሮ የት ትደርስ እንደነበር እንጃ። ተሰበረና ማኅበራዊ ሠራተኛ ሆና እኛ ዘንድ መጣች፤ ሕፃን የሚደበደብበትን፣ እናት የምትሰቃይበትን ቤት በር ማንኳኳት ሥራዋ ሆነ። ረጅሟ ነበር የምንላት። በስሟ የሚጠራት ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ነው። እኔን ደግሞ ትንሿ ትለኝ ነበር፤ ከጎኗ ስቆም ብብቷ ሥር ስለምቀር።

ሥራ አስኪያጁ «አርአያ» የሚለው ቃል ላይ ሲደርስ ስልኬ ጮኸ። ልብስ ሰፊዋ ናት። ከአንድ ፎቅ ሥር ሱቅ አላት፤ አራተኛው ፎቅ ላይ የሚኖሩትን እናትና ልጅ በዓይኗ የምትጠብቅልን እሷ ናት።

«መጥቷል» አለችኝ በሹክሹክታ። «ባልየው። በሩን ከውስጥ ቆልፎታል። ቅድም ይጮህ ነበር፤ አሁን ጸጥ ብለዋል። ጸጥታቸውን አልወደድኩትም፣ እህቴ።»

ያ ሰው የሚስቱን ክንድ ሰብሮ የታሰረ፣ ሲፈታም ወደዚያ ቤት ድርሽ እንዳይል ፍርድ ቤት ያዘዘው ነው። ችሎት ቆማ የመሰከረችበት ረጅሟ ናት። ከዚያ ወዲህ ከማንም በላይ የሚፈራው እሷን ነበር። ፖሊስ ጣቢያ ደወልኩ። መኪናው ሌላ ቦታ ወጥቷል፣ እንደተመለሰ እንልካለን አሉኝ። ሥራ አስኪያጁን አየሁት፤ እሱ ወረቀቱን አየ። የቀሩትም ጫማ ጫማቸውን ማየት ጀመሩ። አልፈርድባቸውም። የሚሄድልኝ ሰው ባገኝ እኔም ጫማዬን ባየሁ ደስ ባለኝ። ነገር ግን ያ ቤት የረጅሟና የእኔ ኃላፊነት ነበር፣ አሁን ደግሞ የእኔ ብቻ ሆኗል።

«ጋሼ፣ እንሂድ» አልኳቸው ሾፌራችንን። ዓይናቸውን በመሀረብ ጠርገው ያለ ጥያቄ ተነሱ።

ሚኒባሱን ከፎቁ በር ላይ አቆሙልኝና ደረጃውን ብቻዬን ጀመርኩት። ብቻዬን መውጣቱ እንኳ አዲስ አይደለም። ረጅሟ በመጨረሻዎቹ ዓመታት ያ ጉልበቷ ደረጃ እምቢ ብሏት ነበርና ሥራውን ተካፍለነው ነበር። እሷ መኪና ውስጥ ትቀመጣለች፣ እኔ ወጥቼ አንኳኳለሁ። በሩ ሲከፈት ከሰላምታም በፊት «ረጅሟ ከታች ናት» እላለሁ። ሌላ ማስረዳት አያስፈልግም። የፈራች እናት ጫማዋን እንኳ በቅጡ ሳታጠልቅ ትወርዳለች፤ የሚፎክር አባት ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ያኔ ደረጃ ስወጣ ፍርሃቴ ግማሽ ነበር፣ ግማሹን እሷ ከታች ይዛልኝ ትቀመጣለች።

አንድ ጊዜ «አንቺ ግን አትፈሪም?» ብዬ ጠይቄያታለሁ። ሳቀችብኝ። «ኮሌጅ እያለሁ ከጨዋታ በፊት ሁሌ ያስመልሰኝ ነበር። ዛሬም ያው ነኝ። ምን ላድርግ? አስመልሼ እገባለሁ።» ከአራተኛው ፎቅ ስደርስ ግድግዳውን ተደገፍኩ። ከበሩ ጀርባ ምንም አይሰማም። የሕፃን ድምፅ የለም፣ የዕቃ ድምፅ የለም። አንኳኳሁ።

ቁልፉ ዞረ። በሩ የሰው ፊት በሚያሳይ መጠን ብቻ ተከፈተ። ሰክሮ፣ ፀጉሩ ተንጨባሮ ነበር የጠበቅኩት። እሱ ግን ተላጭቷል፤ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሷል። ይሄ ይበልጥ አስፈራኝ።

«ምን ፈለግሽ?»

«ረጅሟ ከታች ናት» አልኩት።

ከአፌ ሲወጣ ክው አልኩ። እጄ በር ሲነካ አፌ በልማድ የሚለውን ነው ያለው። ፎቶግራፏ ሥር ያለውን አበባ ትቼ የመጣሁት ገና አሁን ነው! ቃሉን መልሼ ልዋጠው ብል ወዴት አባቴ አገኘዋለሁ። ሰውየው ግን በሩን የያዘበት እጁ ላላ። መሞቷን አልሰማም።

በተከፈተው በር እናትየዋን አየኋት። ወንበር ላይ ተቀምጣለች፤ ከንፈሯ አብጧል፤ ልጇን በጉልበቶቿ መሀል አጥብቃ ይዛለች። እሷ ሰምታለች። ያረዳኋት እኔ ነኝ፤ ልብስ ሰፊዋ ዘንድ ቁጭ ብለን አብረን አልቅሰናል። ለልጅቷ ቀስ ብለን እንነግራታለን ተባብለን ነበር። እናትየዋ ቀና ብላ አየችኝ። ባታውቅበትና አንድ ቃል ቢያመልጣት አለቀልን።

«ተነሺ፣ የኔ ልጅ» አለች። «ረጅሟን አናስጠብቃት።»

ሰውየው ከበሩ ንቅንቅ አላለም። ረጅሟ አንዴ የነገረችኝ ትዝ አለኝ፤ መረቡ ሥር ለመከላከል ስትቆም የምታየው ኳሷን ሳይሆን የመቺዋን ትከሻ ነበር። «ሊመታሽ የሚፈልግ ሰው ዓይኑ ያታልልሻል፣ ትከሻው ግን ቀድሞ ይነግርሻል።» ትከሻውን አየሁ። ወደ ላይ ተነሣ፤ ትንሽ ቆየ፤ ወረደ።

«እኔም እወርዳለሁ» አለ። «ፊት ለፊት የምነግራት ነገር አለኝ።»

በሕይወቴ እንደዚያ ደረጃ የረዘመብኝም ያጠረብኝም የለም። ልጅቷ ከፊት ከፊት ትዘላለች፤ እናትየዋ ክንዴን ጨምድዳ ይዛለች፤ እሱ ከኋላ ነው፣ ትንፋሹ ማጅራቴን ይነካኛል። ምን እንደምል አሰብኩ። ውሃ ልትጠጣ ወረደች ልበል? ቢሮ ተጠርታ ሄደች ልበል? ሁሉም የልጅ ውሸት ነው። ውሸቴ ሲገለጥ መጀመሪያ የሚመታው እኔን አይደለም፣ እነሱን ነው። እስክንወርድ ፖሊሶቹ ይደርሱ ይሆናል ብዬ እያንዳንዱን ደረጃ እንደ ሽማግሌ እየተጎተትኩ ወረድኩ። «ፈጠን በይ እንጂ» አለኝ ከኋላ።

የመጨረሻው ደረጃ ላይ ልጅቷ ሚኒባሱን አየችና «ረጅሟ! ረጅሟ!» እያለች ሮጠች። ልይዛት እጄን ሰደድኩ፣ አመለጠችኝ።

መንገዱ ላይ ፖሊስ የለም። የሚኒባሱ የኋላ መስኮቶች በመጋረጃ ተሸፍነዋል፤ የምናወጣቸውን ሰዎች አላፊ አግዳሚው እንዳያያቸው ሁሌም እንደዚያ ነው። ጋሼ መሪውን እንደያዙ ሰውየውን ከኋላችን አዩትና ፊታቸው አመድ መሰለ። ልጅቷ ተንሸራታቹን በር ጎትታ አንገቷን ወደ ውስጥ አስገባች።

አንገቷን እንዳስገባች ቀረች። የማየው ጀርባዋን ብቻ ነው። ሰውየው አልፎኝ ወደ መኪናው እርምጃውን አፈጠነ። አሁን ትዞራለች፣ «የለችም» ትላለች፣ ከዚያ በኋላ ያለውን ማሰብ አልቻልኩም።

ልጅቷ ዞረች። በሩን ወደ ኋላዋ ገፋ አድርጋ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች።

«ተኝታለች» አለችው አባቷን። «ጉልበቷን አሟት ነው። አትቀስቅሳት፣ አባባ።»

ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። ገና ሰባት ዓመቷ ነው። ልጅ እንዲህ ረግቶ መናገርን ከእናቱ ሆድ ይዞ አይወጣም፤ እዚያ አራተኛ ፎቅ ላይ የተማረችው ነው። ሰውየው ቆመ። መጋረጃውን አየ፣ ልጁን አየ፣ እጁን አነሣና መልሶ ኪሱ ውስጥ ከተተው።

«ስትነሣ…» አለና አልጨረሰውም። ሸሚዙን አስተካክሎ መንገዱን ይዞ ሄደ።

እንዴት እንደገባን አላውቅም። ጋሼ በሩ በቅጡ ሳይዘጋ ነዱት። ዋናው መንገድ ላይ የፖሊስ መኪና በተቃራኒው አለፈን። «ደርሰዋል ማለት ነው» አሉ ጋሼ፤ ማንም አልሳቀም።

ልጅቷ አጠገቤ ተቀምጣ ባዶዎቹን ወንበሮች አንድ በአንድ አየች።

«ዛሬ አልመጣችም እንዴ?» አለችኝ።

ትንሽ አሰበችና ወደ ጆሮዬ ተጠጋች።

«ስታገኚያት፣ ተኝታለች ማለቴን እንዳትነግሪያት። ውሸት አትወድም። ትቀየመኛለች።»

እናትየዋን አየኋት። ያበጠ ከንፈሯን በእጇ ሸፍና ራሷን ነቀነቀችልኝ፤ ንገሪያት ማለቷ ነው። አባቷን ሳላስበው የዋሸሁት እኔ፣ ለልጅቷ ውሸት ፈልጌ አጣሁ። ደረጃው ላይ ከፈራሁት የበለጠ ፈራሁ። እዚያ የሚመታን ሰው ነበር፤ እዚህ የምመታው እኔ ነኝ።

«አልነግራትም» አልኳት።

ጋሼን መኪናውን ዳር እንዲይዙልኝ ለመንኳቸው፤ ያዙልኝ። ሁለቱንም እጆቿን ይዤ፣ ለረጅሟ ለምን ልነግራት እንደማልችል ለልጅቷ ነገርኳት።